ስለ ነጥብ ዐምድና ስለ ርቱዕ ፍርድ

በፈረንጅ አቆጣጠር ኦክቶበር 20 ቀን 2024፣ ብሩክሊን በሚገኘው የባርክሌይስ አዳራሽ፣ የኒው ዮርክ ሊበርቲ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን የሚኒሶታ ሊንክስን በተጨማሪ ሰዓት 67 ለ62 ረትቶ፣ የአሜሪካ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ሊግ ውድድር ከጀመረበት ከ1997 አንሥቶ ሲመኘው የኖረውን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ባነሣበት ምሽት፣ የቡድኑ ስመ ጥር ተጫዋች ሳብሪና ዮኔስኩ 19 ጊዜ ወደ ቅርጫቱ ወርውራ አንዱን ብቻ ማስገባቷ ከደስታው ጋር አብሮ በደጋፊዎች መካከል ብርቱ ክርክር አስነሣ። አንደኛው ወገን ሌሎቹ ተጫዋቾች ዋንጫውን ያገኙት ሸክሟን ተሸክመው ነው ይላል፤ ሁለተኛው ወገን ደግሞ ዋንጫ ከተገኘ ወዲያ አኃዝ እየቆጠሩ መውቀስ ምቀኝነት ነው ሲል ይመልሳል። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ከርቱዕ ፍርድ ርቀዋል፤ የመጀመሪያው ከጨዋታው መዝገብ አንዱን ዐምድ ብቻ ስለሚያነብ፣ ሁለተኛው መዝገቡን ጨርሶ ስለሚዘጋው።

እውነቱን ሳንሸሽግ እንናገር ከተባለ፣ ከ19 አንድ ማስገባት ለማንኛውም ተጫዋች ክፉ ምሽት ነው፤ በፍጻሜው ተከታታይ ግጥሚያ በመጨረሻው፣ በአምስተኛው ጨዋታ ሲሆን ደግሞ ይልቁን የከፋ ነው፤ ይህንንም የሚናገር ደጋፊ ጠላት ተብሎ ሊነቀፍ አይገባውም። ነገር ግን ያው መዝገብ ዮኔስኩ በዚያ ምሽት 5 ነጥብ ብቻ እንዳገኘች ሲመሰክር፣ በሚቀጥሉት ዐምዶች ደግሞ ከቅርጫቱ የተመለሱ 7 ኳሶች እንደያዘችና ጓደኞቿ ወዲያው ነጥብ ያስቆጠሩባቸውን 8 ኳሶች እንዳቀበለች ጽፏል። እንዲህ ያለው ቅብብል እያንዳንዱ ቢያንስ 2 ነጥብ ስለሚያስገኝ፣ ከ67ቱ የቡድኑ ነጥቦች መካከል ቢያንስ 16ቱ በእጇ አልፈው የተገኙ ናቸው፤ የራሷን 5 ስንጨምርበት 21 ይሆናል፤ ይኸውም ከጠቅላላው ሲሶ ያህል መሆኑ ነው። ከዚህም በላይ በየትኛውም ዐምድ የማይጻፍ ነገር አለ፤ ከሩቅ የማስቆጠር ስም ያላት ተጫዋች፣ ምንም እንኳ ኳሱ ቢከዳት፣ ሜዳ ላይ እስከ ቆመች ድረስ ተከላካይዋ እርሷን ትታ ወደ ቅርጫቱ ለመጠጋት አይቻላትም፤ ሚኒሶታዎችም ይህችን ሴት ችላ የማለትን መዘዝ በሚገባ ያውቁት ነበር።

ያውቁት ነበር ማለቴ፣ ከዚያ በፊት ኦክቶበር 16 ቀን በሚኒሶታ ሜዳ በተደረገው ሦስተኛ ጨዋታ፣ ሁለቱ ቡድኖች 77 ለ77 ሆነው ሳሉ ዮኔስኩ ከባለ ሦስት ነጥቡ መሥመር እጅግ ርቃ የወረወረችው ኳስ ገብቶ ሊበርቲ 80 ለ77 ስላሸነፈ ነው። ደጋፊው ሁሉ ያን ውርወራ በአድናቆት ይተርካል፤ መተረኩም የተገባ ነው። ሆኖም በዚያው ጨዋታ የሊበርቲዋ ብሪያና ስቲዋርት 30 ነጥብ አስቆጥራ፣ 11 ኳሶችን ከቅርጫቱ ሥር ለቅማ፣ ቡድኑን ወደ ኋላ ከመቅረት አድና እስከዚያች ደቂቃ ያደረሰችው መሆኗ በውዳሴው መካከል ተረሳ። ዮኔስኩ ጠቅላላ ነጥቧ 13 ነበር። እንግዲህ በአምስተኛው ጨዋታ አኃዙን ይዞ ዮኔስኩን የሚከስ ሰው፣ በሦስተኛው ጨዋታ ያንኑ አኃዝ ጥሎ እርሷን ብቻ ካመሰገነ፣ ሚዛኑን እንደ ፈቃዱ ከፍ ዝቅ አድርጓል።

ይህ ነገር በኒው ዮርክ ብቻ የሚታይ አይደለም። በዚያው በ2024 ኬትሊን ክላርክ ለኢንዲያና ፊቨር በተሰለፈችበት የመጀመሪያ ዓመቷ፣ ለነጥብ የሆኑ 337 ኳሶችን በማቀበል የሊጉን ክብረ ወሰን ስትይዝ፣ ኳስ ለተቃራኒ በማስነጠቅም እንዲሁ 223 ጊዜ በመድረስ የማይወደደውን ክብረ ወሰን ይዛለች፤ ወዳጆቿ የፊተኛውን፣ ነቃፊዎቿ የኋለኛውን እየጠቀሱ ሲከራከሩ፣ ሁለቱም አኃዞች ከአንድ ምንጭ የፈለቁ መሆናቸውን፣ ማለትም የቡድኑ ኳስ ሁሉ በአንዲት ጀማሪ እጅ ላይ እንደ ነበረ የሚያስተውለው ጥቂት ነው። ያ ቡድን በ2023 ከ40 ጨዋታ 13ቱን አሸንፎ ነበር፤ እርሷ ከመጣች በኋላ 20 አሸነፈ። የላስ ቬጋሷ ኤጃ ዊልሰንም በዚያው ዓመት 1,021 ነጥብ አስቆጥራ በአንድ የውድድር ዘመን ከ1,000 በማለፍ የመጀመሪያዋ ስትሆን፣ ዳያና ቶራሲ በ2006 ካስቆጠረችው 860 ጋር የሚያነጻጽሩ ሰዎች ዊልሰን 38፣ ቶራሲ 34 ጨዋታ መጫወታቸውን መዘንጋት የለባቸውም። በእርግጥ በአማካይም ቢሆን ዊልሰን 26.9፣ ቶራሲ 25.3 ስለሆነ ብልጫው የዊልሰን ነው፤ ልዩነቱ ግን ጥሬው ድምር የሚያስመስለውን ያህል ሰፊ አይደለም። በዚህ ሁሉ ነጥቧም የዊልሰን ቡድን በግማሽ ፍጻሜው በሊበርቲ ተሸንፎ ከውድድሩ ወጥቷል።

ስለዚህ ክርክር በዚህ ያህል ትጋት የምጽፍበት ምክንያት፣ የሴቶችን ጨዋታ ገና ከመጀመሪያው ሁለት ዓይነት ንቀት ስለተከተለው ነው። አንደኛው ግልጽ ነው፤ ጨዋታው አይታይም፣ አይቆጠርም ብሎ የሚያልፈው ንቀት ነው። ሁለተኛው ርኅራኄ መስሎ የሚመጣው ነው፤ ሴቶች ናቸውና መሞከራቸው ራሱ ይበቃል፣ መወቀስ አይገባቸውም የሚለው። የሊበርቲ ደጋፊዎች ግን ሁለቱንም ንቀቶች በታላቅ ትዕግሥት አልፈዋል። ቡድናቸው ሊጉን ከመሠረቱት 8 ቡድኖች አንዱ ሆኖ ሳለ፣ ለ2024ቱ ድል ከመብቃቱ በፊት 5 ጊዜ ለፍጻሜ ደርሶ 5ቱንም ጊዜ ተረትቷል፤ ከነዚህም 3ቱን ያሸነፉት የሂውስተን ኮሜትስ ነበሩ። በ1999 ቴሬሳ ዌዘርስፑን ከሜዳው አጋማሽ ወዲያ ሆና የወረወረችው ኳስ የማይታመን ሆኖ ገብቶ ሊበርቲን 68 ለ67 ለድል ቢያበቃውም፣ ወሳኙን ሦስተኛ ጨዋታ ሂውስተን አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በ2018 ደግሞ ቡድኑ ከታላቁ ከተማ ወጥቶ በዌስትቸስተር በምትገኝ ትንሽ አዳራሽ እንዲጫወት ተደረገ፤ ደጋፊው ግን እዚያም ተከተለው። እንዲህ ያለ ጽኑ ወዳጅ የተጫዋቾቹን ሥራ በአኃዝ መርምሮ ሲሞግት፣ ለወንዶቹ ሲሰጥ የኖረውን ክብር ለሴቶቹም ሰጠ ማለት ነው፤ ስለዚህ ክርክሩ ይብረድ አልልም፤ ክርክሩ ሙሉውን መዝገብ ይዞ እንዲካሄድ ግን አጥብቄ እሻለሁ።

ሙሉው መዝገብም ቢሆን የማይናገረው ነገር እንዳለው ስቲዋርት ትመስክር። በፍጻሜው የመጀመሪያ ጨዋታ፣ መደበኛው ጊዜ ሊያበቃ ከአንድ ሰከንድ በታች ሲቀረው፣ ሁለት የቅጣት ውርወራ ተሰጥቷት የመጀመሪያውን አስገብታ አቻ ካደረገች በኋላ፣ ድሉን የሚያጸናውን ሁለተኛውን ሳተችው፤ በተጨማሪው ሰዓት ማብቂያም ከቅርጫቱ ሥር የሞከረችው ሳይገባ ቀርቶ ሊበርቲ 95 ለ93 ተሸነፈ። በአምስተኛው ጨዋታ ይኸው ፈተና ተመልሶ መጣባት፤ ሚኒሶታ 60 ለ58 እየመራ 5.2 ሰከንድ ሲቀር ጥፋት ተፈጸመባት፣ የሚኒሶታ አሠልጣኝ ሼሪል ሪቭ ውሳኔው እንዲመረመር ጠየቀች፣ ዳኞቹም ውሳኔያቸውን አጸኑ፤ ስቲዋርትም ያን ሁሉ ጊዜ ቆማ ከጠበቀች በኋላ ሁለቱንም አስገባች። የምሽቱ መዝገብ ስለ እርሷ ከ15 ውርወራ 4 ገባ፣ 13 ነጥብ፣ 15 ኳስ ከቅርጫት ሥር ይላል፤ ያለእነዚያ ሁለት ነጥቦች ተጨማሪ ሰዓትም፣ ዋንጫም ባልኖረ ነበር፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ሩብ ከተገኙት ነጥቦች ጋር በአንድ ዐምድ ተደምረው ተቀምጠዋል። በተጨማሪው ሰዓት ቡድኑን ያስቀደሙት ጀርመናውያኑ ሊዮኒ ፊቢችና ኒያራ ሳባሊ ናቸው፤ በዚያ ምሽት እያንዳንዳቸው እንደ ስቲዋርት 13 ነጥብ አስቆጥረዋል፤ ሳባሊም ከተቀያሪዎች ወንበር ተነሥታ የገባች ናት። ስለ ዮኔስኩ 19 ውርወራዎች ሌሊቱን ሙሉ የሚከራከር ደጋፊ ስለ ሁለቱ ጀርመናውያን አንድ ሰዓት ቢከራከር፣ ሊበርቲ በምን እንዳሸነፈ ይበልጥ ያውቅ ነበር።