ስለ ማባዣ ሠንጠረዥ አጠናን

በደብተር ጀርባ ታትሞ የምናየውን የማባዣ ሠንጠረዥ ሕፃናት ከላይ እስከ ታች በዜማ እንዲወርዱት ማድረግ በየትምህርት ቤቱ የቆየ ልማድ ሲሆን፣ በዚህ ዘመን ግን አንዳንድ ወላጆች፣ ስልኩ ሁሉን የሚያባዛ ከሆነ የልጁን አእምሮ በሽምደዳ ማድከም ምን ይረባል ሲሉ ይሰማሉ። እኔ በቃል መያዝን ከሚነቅፉት ወገን አይደለሁም፤ ክፍልፋይ የሚማር ልጅ ስድስት ጊዜ ሰባትን ለማግኘት በየመካከሉ ከቆመ፣ የያዘው ሒሳብ ውሉ ይጠፋበታልና። ነቀፌታዬ በአያያዙ ላይ ነው።

በዜማ ብቻ የተማረውን ልጅ በድንገት «ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው?» ቢሉት፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ከሰባት ጊዜ አንድ ይነሣና፣ ጣቶቹን ከዴስኩ ሥር ደብቆ እየቆጠረ ወደ ሃምሳ ስድስት ይጓዛል፤ አንዱን የዘለለ እንደ ሆነም የቀረው ሁሉ ይፈርሳል። ይህንንም ስንፍና ነው ብሎ አለንጋ የሚያነሣ መምህር አይጠፋም፤ አለንጋ ሰባትን በስምንት ሲያባዛ ያየ ግን የለም።

ከ1 እስከ 10 ያለው ሠንጠረዥ 100 ቤት ስላለው ለሕፃን ዓይን የሚያስፈራ ነው። ነገር ግን 24 ጠርሙስ የሚይዘውን የለስላሳ ሳጥን አንድ ጊዜ በቁመቱ አንድ ጊዜ በጎኑ አዙሮ የቆጠረ ልጅ፣ አራት ጊዜ ስድስትና ስድስት ጊዜ አራት አንድ መሆናቸውን ማንም ሳይነግረው ስለሚረዳ፣ መቶው ወዲያው ወደ 55 ይወርዳል። አንድና አሥር ሲወጡ 36፣ በጨዋታ የሚያዙት ሁለትና አምስት ሲወጡ 21 ይቀራሉ። ዘጠኝም የራሱ ሥርዓት አለው፤ ዘጠኝ ጊዜ ሰባት 63 ሲሆን፣ ስድስቱ ከሰባት በአንድ ያነሰ፣ ስድስትና ሦስቱም ሲደመሩ መልሰው ዘጠኝ ናቸው። እንግዲህ በእውነት ድካም የሚያሻቸው 15 ብቻ ሆነው ሳለ ልጁን በመቶው ማስጨነቅ ስለ ምን ነው?

በቃል መያዝን እጅግ ያከብሩ የነበሩት የቤተ ክርስቲያን አበውም ያለ መመርመሪያ አልተዉትም። በዓላትና አጽዋማት የሚወጡበትን ስሌት፣ ባሕረ ሐሳብን፣ የሚማር ተማሪ የ2017 ዓ.ም. አበቅቴ የሚባለውን ቁጥር ሲያወጣ፣ ወንበር የተባለውን የዓመቱን መነሻ ቁጥር 11ን ጥንተ አበቅቴ በሚባለው ቋሚ ቁጥር 11 አባዝቶ ያገኘውን 121 በ30 ሲገድፈው (አካፍሎ ትርፉን ሲይዝ) 1 ይቀረዋል፤ ደግሞም መጥቅዕ የሚባለውን ሁለተኛ ቁጥር ለማግኘት ወንበሩን በጥንተ መጥቅዕ 19 ሲያባዛው 209፣ በ30 ሲገደፍ 29 ይሆናል፤ አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ሠላሳ ካልሞሉ፣ መምህሩ ሳይገሥጸው መሳሳቱን ራሱ ያውቃል።

ለቤት ጥናትም ከእራት በኋላ ጥቂት ጥያቄ ይበቃል፤ ይኸውም ቅደም ተከተሉን እያፋለሱ፣ አንዴ ስድስት ጊዜ ስምንትን፣ ሌላ ጊዜ 48 ለስድስት ሲካፈል ስንት እንደሚደርስ መጠየቅ ነው። ልጁ 46 ብሎ ቢሳሳት፣ መልሱን ፈጥነው ከመንገር ይልቅ ስድስት ጊዜ አራትን ጠይቀው፣ 24 ባለ ጊዜ እጥፉን ራሱ እንዲፈልግ ቢተዉት ይሻላል።