ስለ ጃፓን ጣፋጭ ስጎ፤ ጠርሙሱን እናስመጣ ወይስ በቤት እናዘጋጀው?

«ቴሪያኪ» የተባለው ጣፋጭና ጨዋማ የጃፓን ስጎ በአዲስ አበባ ትልልቅ መደብሮች በጠርሙስ ይሸጣል። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ሱቅ ከከፈቱት ወገኖቻችን መካከልም ይህንኑ ዕቃ ለማስመጣት የሚያስቡ አሉ። በጸሐፊነት የማገለግላቸው ነጋዴ ሐሳቤን ጠይቀውኝ ስለነበር፣ ለእርሳቸው የሰጠሁትን መልስ ለክቡራን አንባብያንም አቀርባለሁ። ይኸውም የተዘጋጀውን ጠርሙስ ትተን የአኩሪ አተሩን ስጎ፣ ሶያ ሶስ የሚባለውን፣ ብቻ ብናስመጣ ይሻላል የሚል ነው።

«ቴሪ» ማንጸባረቅ፣ «ያኪ» መጥበስ ማለት ስለሆነ፣ ስሙ በመጀመሪያ የአጠባበስ ስም እንጂ የጠርሙስ ስም አልነበረም። የጃፓን ባለሙያዎች ሶያ ሶስን ከስኳርና ሚሪንና ሳኬ ከተባሉት የሩዝ መጠጦች ጋር ቀላቅለው ያፈሉና የሚጠበሰውን ዓሣ ወይም ሥጋ ይቀቡበታል። ኪኮማን የተባለው ኩባንያ ይህን በአሜሪካ አገር በጠርሙስ መሸጥ የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1961 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ ከነዚህ መካከል ሶያ ሶሱ በቤት ሊሠራ አይመችም። አኩሪ አተርና ስንዴ በልዩ ሻጋታ ከተብላሉ በኋላ በጨው ውኃ ውስጥ ብዙ ወራት ይቆያሉና። ለዚህ ዶላር ቢከፈል ተገቢ ነው። ነገር ግን ብሔራዊ ባንክ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ ዶላሩ ምን ያህል ብር እንደሚጠይቅ አስመጪው ያውቃል። በዚህ ዋጋ ስኳርና ውኃ ገዝቶ፣ በሚሰበር ጠርሙስ ከጅቡቲ እስከ ነፋስ መውጫ ማጓጓዝ ምን ይባላል?

አሠራሩም ቀላል ነው። አንድ የቡና ሲኒ ሶያ ሶስ፣ አንድ ሲኒ ውኃ፣ ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ማር ወይም ስኳር፣ አንድ ፍሬ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ዝንጅብል በለዘብታ እሳት ይፈላል። አንድ የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በቀዝቃዛ ውኃ ተበጥብጦ ሲጨመርበት ይወፍራል። ጨው አያስፈልገውም፤ ሶያ ሶሱ ራሱ እጅግ ጨዋማ ነው። ጥብሱ ሊወጣ ሲል ይቀባል እንጂ ቀድሞ አይቀባም፤ ስኳሩ ያርራልና። በሳኬው ፈንታ ጥቂት ጠጅ ቢጨመርበት በእኔ ምላስ ከጠርሙሱ ይበልጣል፤ አልኮል ለማይቀምስ ደንበኛ ግን ይቀራል። ቅቤ ስለሌለበት በስኳር የተሠራው በጾም ቀን ለተጠበሰ ድንች ይስማማል፤ ድንች ደግሞ በጋይንት ደጋ አይታጣም።

አስመጪዎች አንድ ነገር እንዲጠነቀቁ እለምናለሁ። ሶያ ሶስ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ተብላልቶ የተሠራ አለ፣ በአሲድ ተፈጭቶ በጥቂት ቀን የሚደርስም አለ። ሁለተኛው ርካሽ ነው፤ ጣዕሙ ግን ሸካራ ነው። ከማዘዝ በፊት በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይገባል።

«ጠርሙሱ የተሻለ ትርፍ ያስገኛል» የሚሉኝ ይኖራሉ። በአዲስ አበባ ይሆናል። በእኛ ከተማ ግን ስሙ ያልተለመደ ዕቃ መደርደሪያ ላይ ሰንብቶ ቀኑ ሲያልፍበት ገንዘቡም አብሮ ይሞታል። ሶያ ሶሱን በትልቅ ጀሪካን አስመጥቶ፣ ማሩን፣ ዝንጅብሉንና ነጭ ሽንኩርቱን ከአጠገቡ አኑሮ፣ አሠራሩን በወረቀት ጽፎ ለገዢ የሚሰጥ ባለሱቅ በአንድ ደንበኛ አራት ዕቃ ይሸጣል። አለቃዬም ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ጀሪካን ብቻ እንዲታዘዝ ፈቅደዋል።