ከበሮ ለታንጎ ባዕድ ነውን?

ታንጎ የተባለውን የደቡብ አሜሪካ ዘፈንና ዳንስ በፊልም ያላየ ወይም በራዲዮ ያልሰማ ተማሪ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። እስካላንድሩም ስለሚባለው የቦነስ አይረስ የጃዝ ጓድ ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ጓዱ የተቋቋመው በ1999 ሲሆን (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፤ ስድስት ሙዚቀኞች አሉት። ሦስቱ ሳክስፎንና ክላሪኔት ይነፋሉ፤ አንዱ ፒያኖ፣ አንዱ ኮንትራባስ ይጫወታል፤ መሪው ዳንኤል ፒያሶላ ደግሞ ከበሮ ይመታል። ጃዝን ከታንጎ፣ ከቻካሬራና ከካንዶምቤ ጋራ ያዋሕዳሉ።

ታንጎ እንደ ጥንቱ ይሁን የሚል ሰው በዚህ ጓድ ላይ ሁለት ነገር ሊነቅፍ ይችላል፤ ይኸውም ባንዶኔዮን የለውም፤ ከበሮ ግን አለው ብሎ ነው። ባንዶኔዮን እንደ አኮርዲዮን እየተሳበና እየታጠፈ ድምፅ የሚሰጥ፣ ከጀርመን አገር የመጣ መሣሪያ ነው። በጥንቱ የታንጎ ኦርኬስትራ ከርሱ ጋራ ቫዮሊን፣ ፒያኖና ኮንትራባስ ነበሩ። ከበሮ ግን አልነበረም፤ ምቱን የሚጠብቁት ፒያኖውና ኮንትራባሱ ናቸው።

ሆኖም ከበሮው እንግዳ ነው መባሉን እኔ አልቀበለውም። ታንጎ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በቦነስ አይረስና በሞንቴቪዴዎ ድኾች ሰፈር ሲወለድ፤ ከወላጆቹ አንዱ ካንዶምቤ ነበር። ካንዶምቤ ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎችና ልጆቻቸው በከበሮ የሚጨፍሩት ጭፈራ ነው። ታንጎ የሚለው ቃል ራሱ አስቀድሞ ለነዚሁ ጥቁሮች የከበሮ ስብሰባ ይነገር ነበር። በኋላ ግን በቦነስ አይረስ ጦርነቱና የ1871ዱ የቢጫ ወባ ወረርሽኝ ጥቁሮቹን ጎዳቸው፤ ከአውሮፓ የጎረፈው ስደተኛም በብዛቱ ዋጣቸው። ዘፈኑ ሲቀር ከበሮው ከኦርኬስትራው ወጣ። ከበሮው ቢወጣም ምቱ አልጠፋም። ከአንድ እስከ ስምንት እየቈጠርህ በ1፣ በ4ና በ7 ላይ ብቻ አጨብጭብ፤ የዳንኤል አያት አስቶር ፒያሶላ አዘውትሮ የሚጠቀምበት ምት ይህ ነው።

አስቶር (1921–1992) በ1955 ባቋቋመው ባለስምንት ሰው ጓድ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጊታር አስገብቶ ጃዝን ከታንጎ ጋራ ቢያዋሕድ፤ ታንጎን ገደለው እየተባለ ብዙ ተወቅሷል። ወቃሾቹ አንድ ነገር ዘንግተዋል፤ ሰውዬው ከ1939 እስከ 1944 በታላቁ በአኒባል ትሮይሎ ኦርኬስትራ ባንዶኔዮን የተጫወተ፤ አሮጌውን ታንጎ ጠንቅቆ የሚያውቅ ነበር። ምንም ሳያውቅ የሚቀላቅልን ሰው እኔም እነቅፋለሁ።

አንድ እውነተኛ ሥጋት ግን አለ። ታንጎ አንዳንዴ ይዘገያል፤ አንዳንዴ ይቸኵላል፤ እንደ ሰዓት የሚመታ ከበሮ ይህን ትንፋሹን ያፍነዋል። ዳንኤል ፒያሶላ ከዚህ ያመለጠው በማስተዋል ይመስለኛል፤ ዜማው ሲያዘግም በዝግታ ይዳስሳል እንጂ አይጫንም። ሦስቱ ነፊዎችም የባንዶኔዮኑን ትንፋሽ ተክተው ይይዛሉ። ቻካሬራ ሲጫወቱ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ቻካሬራ ከሰሜን አርጀንቲና ገጠር የመጣ ሲሆን፤ የሚመታበት ትልቅ ከበሮ ከተፈለፈለ ግንድና ከቆዳ የተሠራ ነው። ስድስት ምቱ አንድ ጊዜ ለሁለት፣ አንድ ጊዜ ለሦስት ይከፈላል። ጭክጭካ ለለመደ ጆሮ ይህ እንግዳ ሊሆን አይችልም!

በትምህርት ቤታችንም ክራርና ከበሮ ከሳክስፎን ጋራ አይሄዱም የሚሉ ጓደኞች አሉን። ስለዚህ የሙዚቃ ክበባችን አንድ ከሰዓት በኋላ ቢሰጠን እለምናለሁ። በመጀመሪያ ከትሮይሎ ኦርኬስትራ አንድ ታንጎ እንስማ፤ ቀጥሎም እስካላንድሩም በ2011 የአያትየውን ድርሰቶች ከተጫወተበት አልበም አንዱን። ሁለቱን ከሰማ በኋላ የሚነቅፍ ቢኖር፤ ቁጭ ብለን እንከራከራለን።