ስለ ኡዶንና የገዢን ጣዕም ስለ ማወቅ

ነጋዴ የሚሸጠውን ዕቃ ማወቅ እንዳለበት ሁሉ ይስማማል። ገዢው ያንን ዕቃ ቤቱ ወስዶ ምን እንደሚያደርግበት የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይህ ቸልታ ገበያ እንደሚያሳጣ ለማስረዳት፥ በጃፓን አገር ኡዶን የሚባለውን ወፍራም የስንዴ ኑድል ምሳሌ አድርገን እናቀርባለን።

ኡዶን የሚሠራው ከስንዴ ዱቄት፥ ከጨውና ከውሃ ነው። እጅግ የገነነው በሺኮኩ ደሴት በምትገኘው በካጋዋ አውራጃ ሲሆን፥ የአገሩ የጥንት ስም ሳኑኪ ስለ ነበረ «ሳኑኪ ኡዶን» ይባላል። በላተኛው ትኩሱን ከደረቁ ትንንሽ ዓሦች በተዘጋጀ መረቅ፥ ቀዝቃዛውን በአኩሪ አተር ስጎ፥ የሽንኩርት ቅጠልና ዝንጅብል ጨምሮ ይበላዋል። በሁለት የመብያ እንጨቶች አንሥቶ በድምፅ ይምገዋል፤ ይህ በእኛ ማዕድ ነውር ቢሆንም በዚያ ነውር አይደለም። ከሁሉ ይልቅ የሚሻው ኮሺ የሚሉትን ጠባይ ነው፤ ይኸውም ላዩ ለስላሳ ሆኖ ሲነክሱት የሚለጠጥና ቶሎ የማይበጠስ መሆኑ ነው።

ይህን አጥንተው የተጠቀሙት በሩቅ የሚኖሩት አውስትራሊያውያን ናቸው። በምዕራብ አውስትራሊያ ለኡዶን የሚስማማ ስንዴ ለይተው በማብቀላቸው፥ የሳኑኪ ኡዶን በአብዛኛው ከእነርሱ ስንዴ የሚሠራ ሆነ። ካጋዋም ዝም አላለችም፤ «ሳኑኪ ኖ ዩሜ 2000» የተባለ የራሷን የስንዴ ዘር አወጣች።

ስሙም ያለ ጥበቃ አልቀረም። በጃፓን የጥሬ ኑድል ንግድ ደንብ መሠረት፥ ኡዶኑን የሳኑኪ እውነተኛ ምርት ብሎ የሚሸጥ ሰው፥ በካጋዋ የተሠራ፥ ለ100 ኪሎ ዱቄት ቢያንስ 40 ኪሎ ውሃና 3 ኪሎ ጨው የገባበት፥ ሊጡም ከ2 ሰዓት ያላነሰ ያረፈ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት።

እንግዲህ ለጨው መጠን እንኳ ደንብ ለሚያወጣ ገዢ ቡና የምንሸጥ እኛ ምን እንማራለን? እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ዓ. ም. በቡናችን ውስጥ የተባይ ማጥፊያ ቅሪት በመገኘቱ፥ በጃፓን ገበያ የደረሰብን ጉዳት የሚዘነጋ አይደለም። ስለዚህ ላኪው ዕቃውን ከመጫኑ አስቀድሞ ገዢው እንዴት እንደሚጠጣውና እንዴት እንደሚመረምረው ይጠይቅ። አስመጪውና ባለሱቁም ደንበኛቸው ዱቄቱን ለዳቦ ወይስ ለቂጣ እንደሚሻው ይወቁ። ዋጋ በመቀነስ የተገኘ ደንበኛ ዋጋ በቀነሰ ሌላ ነጋዴ ይወሰዳል፤ ጣዕሙ የታወቀለት ደንበኛ ግን ተመልሶ ይመጣል።