ያልተጠየቀ ዳታ አትጫኑብን

በድሩፓል ድረ ገጽ በሚሠሩ ባለሙያዎች ዘንድ ሥር የሰደደ ልማድ አለ። አንድ ይዘት ከዳታቤዝ በተነሣ ቁጥር ሞጁሉ በሁክ (ድሩፓል ሞጁሎችን በሚጠራበት ነጥብ) ገብቶ ያለውን ተጨማሪ ዳታ ሁሉ ይለጥፍበታል። ምክንያቱ "ኋላ ያስፈልግ ይሆናል" ነው። ይህን ልማድ አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ዕዳውን የሚከፍለው ባሌ ሮቤ ላይ በደካማ ኔትወርክ ገጹ እስኪከፈት የሚጠብቀው ሰው ነውና።

ስለ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ድረ ገጽ ተሠራ እንበል። ቀይ ቀበሮ፣ የደጋ አጋዘን፣ ሳነቴ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የሐረና ደን እያለ 50 ይዘት ተደርድሯል። የፊት ገጹ የሚያሳየው ርእስና አንዲት ፎቶ ብቻ ነው። ነገር ግን አንዱ ሞጁል የቦታውን ከፍታ፣ ሌላው የአስተያየቶችን ብዛት፣ ሦስተኛው ተዛማጅ ጽሑፎችን ለእያንዳንዱ ይዘት ለየብቻ ከዳታቤዝ ይጠይቃል። 150 ተጨማሪ ኩዌሪ! ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር መሆኑን ማወቅ የፈለገ ሰው ገና ሳይመጣ።

የድሩፓል ሠሪዎች ችግሩን ካወቁት ቆይተዋል። በ6ኛው እትም ኖድኤፒአይ የሚባለው ሁክ ይዘቶቹን አንድ በአንድ ነበር የሚቀበለው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው 7ኛው እትም ግን ይዘቶቹን (ኖዶቹን) ሰብስቦ በአንድነት ለሁክ ኖድ ሎድ ማስረከብ ጀመረ፤ መለያ ቁጥሮቹን ይዞ በአንድ ኩዌሪ መጨረስ እንዲቻል። 150ው ወደ 3 ይወርድ ነበር። ዝርዝሩን ተቀብሎ በፎርኢች ውስጥ ኩዌሪ የሚደግም ሞጁል ግን ዛሬም አለ።

"ካሽ አለ አይደል?" የሚሉ ይኖራሉ። ከ8ኛው እትም ወዲህ ሁክ ኢንቲቲ ሎድ ይዘቱ ከካሽ ቢመጣም ይጠራል፤ ስለዚህ ኩዌሪው አይቀርም። በሁክ ኢንቲቲ ስቶሬጅ ሎድ የተለጠፈው ደግሞ ከይዘቱ ጋር አብሮ ካሽ ውስጥ ይገባል። ለተራራ ከፍታ ደህና ነው። ከጎባ በሳነቴ አድርጎ ወደ ሪራ የሚወርደው መንገድ ዛሬ ጭጋግ ይዞት እንደሆነ የሚናገር ዳታ በዚያ ከገባ ግን፣ ይዘቱ እንደገና ሴቭ እስኪደረግ ወይም ካሹ እስኪጸዳ ድረስ የሚነበበው የቀድሞው ነው። መንገደኛ በዚህ ሊጎዳ ይችላል።

ከሁሉ የከፋው በሎድ ሁክ ውስጥ የውጭ ሰርቨር መጥራት ነው። የአየር ጠባይ የሚሰጠው ሰርቨር ሲዘገይ አንባቢው ብቻ ሳይሆን ክሮኑም፣ የፍለጋ ኢንዴክሱም፣ አርታኢውም አብረው ይቆማሉ።

ሁኩ ይሰረዝ አላልኩም። ከይዘቱ የማይለይ ዳታ በፊልድ ይቀመጥ። ሙሉ ገጽ ላይ ብቻ የሚታየው በቪው ሁክ፣ ቲዘር (አጭር ቅንጭብ) ይሁን ሙሉ ገጽ ተለይቶ ይጫን። ብሎክ ብቻ የሚፈልገውን ብሎኩ ራሱ ይጠይቅ።

የድሩፓል 7 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 5 ቀን 2025 አብቅቷል። ሞጁሎቻችሁን ወደ አዲሱ እትም የምታሸጋግሩ፣ በመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የምትማሩም ጭምር፣ የድሮውን ኮድ እንዳለ አትገልብጡት። እያንዳንዱን ሎድ ሁክ ክፈቱና ማንም የማያየውን ዳታ ዛሬውኑ አውጡት።