ስኮላርሺፕ ከመፈለጋችሁ በፊት የምትፈርሙትን ብድር አንብቡት

የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ በሆነ ቁጥር ኢንቦክሳችን በአንድ ጥያቄ ይሞላል፦ «ስኮላርሺፕ አለ ወይ? የት ነው የሚሞላው?» ከባሕር ዳር ይመጣል፣ ከመራዊ ይመጣል፣ ከወረታ፣ ከዘጌ። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ሰው ካልጠየቀ አያገኝም። ግን ከጠያቂዎቹ ብዙዎቹ አንድ ነገር ልብ ያሉት አይመስለንም። መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከተመደባችሁ በአገራችን ያለውን ትልቁን የትምህርት ድጋፍ አግኝታችኋል። ችግሩ ድጋፉ ስጦታ አለመሆኑ ነው። ብድር ነው።

ስለ ኮስት ሼሪንግ ነው የምናወራው። በአማርኛው የወጪ መጋራት። ምዝገባ ላይ ከብዙ ወረቀት ጋር ተደርቦ የሚቀርብላችሁ፣ ከኋላችሁ ያለው ሰልፍ እየገፋችሁ የምትፈርሙት ውል ማለት ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በ1955 ዓ.ም. ፖሊ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ባሕር ዳር ላይ ሲከፈትም ሆነ ከዚያ በኋላ ፔዳ ሲመጣ፣ ተማሪው ተመግቦና አድሮ ይማር ነበር፤ የሚከፍለውም አልነበረም። ያ ዘመን ያበቃው በ1995 ዓ.ም. በወጣው የወጪ መጋራት ደንብ ነው። ደንቡ በ2000 ዓ.ም. በቁጥር 154 ተተክቷል። መሠረቱ ቀላል ነው፦ ተማሪው ቢያንስ የትምህርቱን ወጪ 15 በመቶ፣ የምግቡንና የመኝታውን ደግሞ ሙሉውን ይከፍላል። አሁን ሳይሆን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ፣ አሠሪው ከደመወዙ 10 በመቶ እየቆረጠ ለገቢዎች ያስገባል።

እዚህ ላይ «ሙሉውን» የምትለዋን ቃል ያዙልን።

በ2017 ዓ.ም. የተማሪዎች የቀን የምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ሲል ሁላችንም ደስ ብሎን ዜናውን ሼር አድርገናል። መደሰት ተገቢም ነበር፤ በ22 ብር ሦስት ጊዜ ሰው መመገብ ቀልድ ሆኖ ነበር። ግን የዜናውን ሌላ ግማሽ ያወራው ሰው ጥቂት ነው። ደንቡ ምግብን ሙሉ በሙሉ በተማሪው ላይ ስለሚጥል፣ በጀቱ ሲያድግ ዕዳውም አብሮ የሚያድግበት መንገድ ክፍት ነው። በጣት እንቁጠረው። በዓመት 300 ቀን ግቢ ውስጥ የሚበላ ተማሪ በ22 ብር ሂሳብ የዓመት የምግብ ወጪው 6,600 ብር ነበር። በ100 ብር ሂሳብ 30,000 ይሆናል። በአራት ዓመት 120,000 ብር። መኝታውንና የትምህርቱን 15 በመቶ ገና አልጨመርንም። ኢንጂነሪንግ ወይም ሕክምና የገባ ደግሞ ዓመቱ ስለሚበዛ ከዚህ ይበልጣል።

አሁን መልሱን እንየው። በወር 10,000 ብር የሚያገኝ ተመራቂ 10 በመቶው ሲቆረጥ 1,000 ብር ነው። 120,000 ብሩን ለመጨረስ 120 ወር፣ ማለትም 10 ዓመት ይፈጅበታል። ይሄ በጀቱ በሙሉ ወደ ተማሪው ውል ከተላለፈ የሚመጣ የእኛ ስሌት ነው፤ እናንተን የሚያስረው ግን ውላችሁ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው። ለዚህ ነው አንብቡት የምንለው። ሳትፈርሙ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ በየዓመቱ የምትፈርሙትንም እንደዚሁ። ስትመረቁ «ይሄን ያህል አለብህ» ሲባል የምታመሳክሩበት ነገር በእጃችሁ ይኑር።

ብዙዎች የማይጠቀሙበት ምርጫም አለ። ቤተሰቡ ባሕር ዳር ያለ፣ ቀበሌ 14 ወይም ዲያስፖራ ሰፈር እናቱ ቤት የሚያድር ልጅ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ከተመደበ፣ ያልተጠቀመበት ዶርምና ካፌ ዕዳው ላይ እንዳይመዘገብ ምዝገባ ላይ መጠየቅ አለበት። ነን ካፌ ሆናችሁ በእጃችሁ የምትቀበሉት ብርም ቢሆን የኪስ ገንዘብ አይደለም፣ ያው ዕዳ ነው። አቅም ያለው ቤተሰብ ደግሞ የዓመቱን ድርሻ አስቀድሞ ከከፈለ ቅናሽ ያገኛል። በመምህርነት የሚሠማሩ ዕዳቸውን በገንዘብ ሳይሆን በአገልግሎት የሚከፍሉበት መንገድም በደንቡ አለ። አስተማሪ የመሆን ሐሳብ ያላችሁ ይሄን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ዕዳው ካልተዘጋ ምን ይመጣል? ቴምፖራሪ ይዛችሁ ትወጣላችሁ፤ ዋናውን ዲግሪና ኦፊሺያል ትራንስክሪፕት ለማግኘት ግን የክሊራንስ ወረቀት ትጠየቃላችሁ። ማስተርስ ውጭ አገር አግኝቶ ትራንስክሪፕት በአስቸኳይ የፈለገ ሰው ነው የዚህን ክብደት የሚያውቀው።

ይህን ሁሉ ብለን ግን አንድ ነገር እንመን፤ ኮስት ሼሪንግ ባይኖር የገበሬ ልጅ ዩኒቨርሲቲ አይገባም ነበር። ባንክ ሄዶ «ልማር ነው፣ አበድሩኝ» ቢል መያዣ አምጣ ነው የሚባለው። ስለዚህ ብድሩን አንጠላውም። የምንጠላው በጭፍን መፈረሙን ነው።

ብድሩ የማይሸፍነው ነገርም አለ፤ የሐይቁ ዳር ቤተሰብ የሚጨነቀው በዋናነት እዚህ ላይ ነው። መንገድ። ምደባ የሚሰጠው ትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ የዘጌ ልጅ ጅግጅጋ ወይም ሐዋሳ ሊደርሰው ይችላል። በሰኔ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ገብረ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ወርደው የታገቱትን ተማሪዎች ማንም ወላጅ አልረሳም። ከዚያ ወዲህ «ልጄ በመኪና አይሄድም» ያለ ቤተሰብ አውሮፕላን ቲኬት መግዛት አለበት። በግ ሸጦ፣ ጫት ወይም ቡና ሸጦ፣ ተበድሮ። በጀልባና በአስጎብኚነት የሚተዳደረው ደግሞ ጎብኚ ከጠፋ ዓመታት ተቆጥረዋል። ይህን ወጪ የሚጋራ ደንብ የለም። ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በተማሪዎች አገልግሎት፣ በሥርዓተ ፆታ ቢሮ፣ በተማሪዎች በጎ አድራጎት ክበብ በኩል ለተቸገረ ተማሪ የሚሰጥ ትንሽ ድጋፍ ይኖራል፤ ቤት ለቤት አይመጣም፣ ሄዶ መጠየቅ ነው። ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ መሄድ ደግሞ ደጅ ከመጽናት ያድናል።

እስካሁን ያወራነው ስላለፈው ተማሪ ነው። ያላለፈውስ?

ቁጥሩን እንየው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ናቸው። በ2017 ከ585 ሺህ በላይ ተፈትነው ያለፉት ወደ 49 ሺህ ገደማ ናቸው። የተወሰነው በሪሚዲያል ሁለተኛ ዕድል ያገኛል። የቀረው ደግሞ ከድጋፍ ሥርዓቱ ውጭ ነው። የእኛ አገር የትምህርት ድጋፍ በሙሉ በአንድ በር ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው፤ በሩን ያለፈ ምግብም መኝታም ብድርም ያገኛል፣ ያላለፈ ምንም አያገኝም። አማራ ክልል ውስጥ ደግሞ ከ2015 ነሐሴ ወዲህ በግጭቱ ምክንያት ስንት ትምህርት ቤት ተዘግቶ እንደከረመ እናንተው ታውቁታላችሁ። አስተማሪ ሳያይ ከርሞ የተፈተነ ልጅ ላይ ይሄ በር ሲዘጋ ሰነፍ ስለሆነ ነው ማለት ግፍ ነው።

ይህ ልጅ ነው የግል ኮሌጅ ማስታወቂያ ዓይኑን የሚስበው። የግል ተቋም መጥፎ ነው አንልም፤ ጎበዞቹን እናውቃለን። ግን ወላጅ ብር ከማውጣቱ በፊት ሁለት ነገር ይታይ። አንደኛው ፈቃድ ነው። የትምህርትና ስልጠና ባለሥልጣን ለዚያ ካምፓስ፣ ለዚያ ፕሮግራም፣ ለዚያ ደረጃ ዕውቅና ሰጥቷል ወይ? አዲስ አበባ ያለው ካምፓስ ፈቃድ ስላለው ባሕር ዳር ያለውም አለው ማለት አይደለም። «ውጤት አያስፈልግም፣ ዲግሪ እናስጀምርሃለን» የሚል ካጋጠማችሁ ሩጡ፤ መግቢያ ነጥብ ሳይኖር የተጀመረ ዲግሪ መጨረሻው ላይ አይረጋገጥም። ሁለተኛው የመውጫ ፈተና ነው። ፈተናው በ2015 ሐምሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ከመንግሥት ተቋማት 62 በመቶ ገደማ ሲያልፍ፣ ከግል ተቋማት ያለፈው 17 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። አራት ዓመት ከፍሎ ያለ ዲግሪ መቅረት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ስለዚህ ለኮሌጁ የምትጠይቁት የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ነው ክፍያው?» ሳይሆን «ባለፈው የመውጫ ፈተና ከስንት ስንት አሳለፋችሁ?» ይሁን። ቀጥሎ ለተቸገረ ወይም ለጎበዝ ተማሪ ነፃ ቦታ እንዳላቸው ጠይቁ፤ ጥቂት የሚሰጡ አሉ፣ ማስታወቂያ ላይ ግን አያወጡትም። የቴክኒክና ሙያውን መንገድም አትናቁት። የመንግሥቱ ክፍያ ዝቅ ያለ ነው፣ ሙያው ደግሞ ቶሎ እንጀራ ያበላል።

ወደ ውጭው ስኮላርሺፕ እንምጣ፤ የጠየቃችሁንም እሱን ነው።

እውነተኛው አለ። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ማመልከቻ በየዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጆቹ ከጃንዋሪ 10 እስከ ፌብሩዋሪ 20 ክፍት ይሆናል፤ ለመጀመሪያ ዲግሪ ዕድሜ ከ21 በታች፣ ውጤት ቢያንስ 70 በመቶ (ለሕክምና ዘርፍ 90) ይጠይቃል፤ የማመልከቻ ክፍያ የለውም። የሀንጋሪው ስቲፔንዲየም ሀንጋሪኩም በእነሱ ድረ ገጽ ብቻ ተሞልቶ አያልቅም፤ በእኛ ትምህርት ሚኒስቴር በኩልም መታጨት ያስፈልጋል። ብዙ ልጅ አንዱን ሞልቶ ሁለተኛውን ሳያውቅ ይወድቃል። እናት ወይም አባት፣ ወይም ሁለቱንም ያጣችሁ ከሆናችሁ አሺናጋ የሚባለውን የጃፓን ድርጅት ፈልጉ፤ ለእናንተ ተብሎ የተዘጋጀ ነው፣ ባሕር ዳር ውስጥ ግን ስሙን የሰማ ጥቂት ነው። ከሐይቁ ማዶ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር የያዘው የማስተርካርድ ፋውንዴሽን ፕሮግራም ደግሞ በተለይ አካል ጉዳተኛ ወጣቶችን ታሳቢ ያደረገ ነው። አሁን ምዝገባ ላይ መሆን አለመሆኑን ከዩኒቨርሲቲው ጠይቁ።

አሜሪካን ለሚያስቡ አንድ ነገር፦ ጉግል ስታደርጉ ፋፍሳ የሚባል ፎርም ይመጣላችኋል። ያ ለአሜሪካ ዜጎችና እንደ ግሪን ካርድ ላላቸው ሰዎች ነው፤ ዲቪ ደርሶት የሄደ ይሞላዋል፣ እናንተ ከዚህ ሆናችሁ አትሞሉትም። ለእናንተ የሚሆነው ከኮሌጁ ራሱ የሚመጣ ድጋፍ ነው። እንደ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተንና ኤምአይቲ ያሉ ጥቂቶች የውጭ አገር አመልካችን ሲመርጡ መክፈል መቻሉን አያዩም፤ ከተቀበሉት የጎደለውን ይሞላሉ። ውድድሩ ግን አንገት የሚያስደፋ ነው። የማመልከቻ ክፍያውን «መክፈል አልችልም» ብሎ ማስነሳት ይቻላል፣ አያሳፍርም። በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ሲመጣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር ስላለፈ፣ በዶላር የሚከፈል ፈተናና ፎርም በሙሉ ለእኛ እጥፍ ሆኗል። ሳይጠይቁ መክፈል አይገባም።

ሌላም አለ። በክልላችን ከ2015 ነሐሴ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ስንት ማመልከቻ ሳይላክ ቀርቷል? ዋይፋይ ፍለጋ ሆቴል በር ላይ የቆመ ልጅ አዲስ አበባ ቤቱ ተቀምጦ ከሚሞላው ጋር እኩል ተወዳድሯል አይባልም። ይህን የሚያካክስ አልመጣም። እስከዚያው ቀነ ገደቡን በመጨረሻው ቀን አትጠብቁት። ፓስፖርት፣ የተረጋገጠ የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ የመምህር የድጋፍ ደብዳቤ ማሰባሰብ ራሱ ወራት ይፈጃል፤ ማስታወቂያው ሲወጣ ወረቀታችሁ ተዘጋጅቶ ይጠብቀው።

ቴሌግራም ላይ «ሙሉ ስኮላርሺፕ ወደ ካናዳ፣ ለፕሮሰስ 3,000 ብር በቴሌብር» የሚል ሲያጋጥማችሁስ? ምንጩን ፈትሹ፤ የድርጅቱ ራሱ ድረ ገጽ ላይ ከሌለ የለም። የከፈላችሁት ብር ቢቀር አንድ ነገር ነው፤ የላካችሁት የፓስፖርት ፎቶ በማን እጅ እንዳለ ግን መቼም አታውቁም።

ለዩኒቨርሲቲዎቻችንም ጥያቄ አለን፣ መልስ ከሰጡን እንደወረደ እናወጣዋለን። የምግብ በጀቱ 100 ብር ከሆነ በኋላ አንድ የአራት ዓመት ተማሪ ሲመረቅ ዕዳው በጠቅላላ ስንት ነው? ለምን በምዝገባ ቀን በትልቁ ተጽፎ በር ላይ አይለጠፍም?