ጎብኚ ምን ሊያይ ይገባዋል?

መቶ ጊዜ ከመስማት አንድ ጊዜ ማየት ይሻላል ይባላል። አባባሉ እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ ማየት ማለት ዓይንን ገልጦ መመልከት ብቻ አለመሆኑን የሚያስገነዝብ ሌላ አባባልም አለን፤ «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» ይላል። አንድ ሰው ገንዘቡንና ጊዜውን አውጥቶ ወደ ሩቅ አገር ይሄዳል፤ ብዙ ፎቶግራፍም ይዞ ይመለሳል፤ የሄደበትን አገር ግን ሳያየው ሊመለስ ይችላል። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፤ ለዕረፍት የሄደ ጎብኚ የሚያስደስተውን ብቻ መርጦ ማየቱ ይበቃዋልን? ወይስ የሚያሳዝነውንም ጭምር ሊያይ ይገባዋል?

ነገሩ በምሳሌ ሲቀርብ ይበልጥ ግልጽ ይሆናልና አንድ ባልና ሚስት በዕረፍታቸው ጊዜ ከአዲስ አበባ ተነሥተው ዛንዚባርን ለመጎብኘት ሄዱ እንበል። ዛንዚባር ከአፍሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ፊት ለፊት፣ በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ የምትገኝ፣ ዛሬ የታንዛንያ አካል የሆነች የደሴቶች ምድር ናት። ከደሴቶቹ ዋነኛው ኡንጉጃ ይባላል። በኡንጉጃ ምዕራባዊ ዳርቻ ያለውን ጥንታዊ ከተማ እንግሊዞች «ስቶን ታውን»፣ ማለትም የድንጋይ ከተማ ሲሉት፣ የስዋሂሊ ተናጋሪዎች ደግሞ «ምጂ ምኮንግዌ»፣ ማለትም አሮጌው ከተማ ይሉታል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2000 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ባልና ሚስቱ በመጀመሪያው ቀን የሚያዩት ሁሉ የሚያስደንቅ ነው። ቤቶቹ ኮራል ከተባለ የባሕር ድንጋይና ከኖራ የተሠሩ ናቸው። በቤቶቹ መካከል የሚያልፉት መንገዶች መኪና የማያስገቡ ጠባብ መተላለፊያዎች ስለሆኑ በቀትር እንኳ ጥላ አይለያቸውም። ከሁሉ በላይ ዓይን የሚስቡት በሮቹ ናቸው፤ ከጠንካራ እንጨት ተጠርበው፣ በሐረግና በአበባ ቅርጽ አጊጠው፣ አንዳንዶቹም በሾጣጣ የናስ ጉብጉቦች ተሸልመው ይታያሉ። በየደጃፉ ካሉት የድንጋይ መደቦች ላይ ሰዎች ተቀምጠው ይጨዋወታሉ። ገበያው የቅርንፉድና የቀረፋ ሽታ ያውዳል። ሲመሽም በባሕሩ ዳር ካለው የፎሮዳኒ የአትክልት ሥፍራ የዓሣ ጥብስ እየበሉ፣ ፀሐይ ወደ ውቅያኖስ ስትገባና ጀልባዎች ሸራቸውን ዘርግተው ሲያልፉ ይመለከታሉ። እንዲህ ያለው ምሽት በባልና ሚስት ትዝታ ውስጥ ዘመናትን የሚሻገር ነው።

በማግስቱ ማለዳ ግን በመካከላቸው ክርክር ተነሣ እንበል። ሚስት፣ «ቀድሞ የባሪያ ገበያ ወደነበረበት ሥፍራ እንሂድ» ትላለች። ባል ደግሞ፣ «ዓመት ሙሉ ስንደክም ከርመን የመጣነው ልናርፍ ነው፤ ገንዘብ ከፍለን ኀዘን የምንገዛበት ምክንያት አይታየኝም» ብሎ ይመልሳል። የባል አሳብ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ዕረፍት ለሠራተኛ ሰው እንደ ምግብ የሚያስፈልግ ነገር ነው። ባሕርንና ፀሐይን መውደድም ነውር የለበትም። ያም ሆኖ ሚስት ትክክል ናት የሚል አስተያየት አለን። ምክንያቶቻችን ሦስት ናቸው።

አንደኛው ምክንያት፣ በዚያ ከተማ ውበቱና መከራው ከአንድ ምንጭ የተቀዱ መሆናቸው ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የኦማኑ ሱልጣን ሰይድ ቢን ሱልጣን መቀመጫውን ከመስቀጥ ወደ ዛንዚባር ካዛወረ በኋላ ከተማዋ በቅርንፉድ፣ በዝሆን ጥርስና በባሪያ ንግድ በለጸገች። የቅርንፉዱን እርሻ የሚያለሙት ባሮች ነበሩ። ወደ ታንጋኒካና ወደ ኒያሳ ሐይቆች አካባቢ ዘልቀው የሚሄዱት ነጋዴዎች የዝሆን ጥርስና ሰው ይዘው ወደ ጠረፍ ይመለሱ ነበር። እንግዲህ ያን ያማረ በር ያሠራው ሀብት ከየት እንደመጣ ሳይጠይቅ በሩን ብቻ የሚያደንቅ ጎብኚ፣ የመጽሐፉን ሽፋን አይቶ መጽሐፉን አነበብሁ ከሚል ሰው በምን ይለያል?

ሁለተኛው ምክንያት የተገፉ ሰዎችን የማስታወስ ግዴታ ነው። ሱልጣኖቹ ቤተ መንግሥት ትተው አልፈዋል። ሱልጣን ባርጋሽ እ.ኤ.አ. በ1883 ያሠራው «የድንቆች ቤት» የተባለው ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ2020 ከፊሉ ቢደረመስም ስሙ እስከ ዛሬ ይጠራል። ባሪያ ሆነው የተሸጡት ግን ቤት አልሠሩም፤ የብዙዎቹም ስም አልተጻፈም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለው ምሳሌያችን እውነት የሚሆነው የተወጋው ሰው በሕይወት ኖሮ ታሪኩን የሚነግረው ልጅ ሲተካ ነው። በመንገድ የሞቱት፣ ባሕር አቋርጠው የተወሰዱትና ከልጆቻቸው የተለያዩት ማን ያስታውሳቸዋል? ዛሬ በሥፍራው የሚቆመው መንገደኛ ካላስታወሳቸው በቀር ሌላ አስታዋሽ ላይኖራቸው ይችላል።

የዛንዚባር ሰዎችም ይህን ሥፍራ ለእንግዳ ክፍት አድርገውታል። ሱልጣን ባርጋሽ በእንግሊዝ መንግሥት ግፊት እ.ኤ.አ. በ1873 ውል ፈርሞ ገበያውን ከዘጋ በኋላ በቦታው የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ካቴድራል ተሠራ። መሠዊያው የቆመው ባሮች ይገረፉበት በነበረው ቦታ ላይ እንደሆነ ይነገራል። በግቢውም እ.ኤ.አ. በ1998 ክላራ ሶርናስ የተባለች ስዊድናዊት ቀራፂ የሠራችው ሐውልት አለ። ሐውልቱ ከመሬት በላይ ከፍ ብሎ የቆመ አይደለም፤ አራት ማዕዘን ባለው ጉድጓድ ውስጥ አንገታቸው በሰንሰለት የታሰረ አምስት ሰዎችን ያሳያል። እነሱን ለማየት ጎብኚው አንገቱን ዝቅ ማድረግ አለበት። ገበያው ተዘጋ ማለት ግን ባርነት ቀረ ማለት እንዳልነበረም ልብ በሉ። በዛንዚባር ባርነት በሕግ ፊት ዋጋ እንዳይኖረው በአዋጅ የተወሰነው ከ24 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1897 ነበር።

ሦስተኛው ምክንያት የሌላው አገር ታሪክ የራስን ታሪክ እንድንመረምር የሚያደርግ መሆኑ ነው። ከሐውልቱ ፊት የቆመ ኢትዮጵያዊ፣ «ይህ የሌሎች ሰዎች በደል ነው» ብሎ ሊያልፍ አይችልም። በእኛም አገር ሰው እንደ ዕቃ ይሸጥና ይለወጥ ነበር። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ከተነሡት ዐበይት ጥያቄዎች አንዱ ይህ የባርነት ጉዳይ ነበር፤ ባርነትን ፈጽሞ የሚከለክለው አዋጅ የወጣው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1942 ነው። በሰው አገር ጉድጓድ ውስጥ ያለውን ሰንሰለት አይቶ የራሱን አገር ሰንሰለት ያላስታወሰ ሰው ጉብኝቱ ከዓይኑ አልፎ ወደ ልቡ አልደረሰም።

በዚህ አሳብ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «የሰውን መከራ ለመመልከት የመግቢያ ዋጋ ማስከፈልና መክፈል መከራውን ትርኢት ማድረግ አይደለምን?» የሚሉ አሉ። በእርግጥም ከሐውልቱ አጠገብ እየሳቀ ፎቶግራፍ የሚነሣ፣ ሰንሰለቱን በእጅ ስልኩ ቀርጾ ወዲያው ወደ ሌላ ቦታ የሚሮጥ ጎብኚ አይታጣም። ነገር ግን ይህ የአጎበኛኘት ጉድለት እንጂ የጉብኝት ጉድለት አይደለም። በለቅሶ ቤት የሚስቅ ሰው ቢገኝ ለቅሶ መድረስ ይቅር አይባልም፤ ሰውዬው ሥርዓት ይማር ይባላል እንጂ። ድምፅን ዝቅ አድርጎ መግባት፣ አስጎብኚውን በጥሞና ማዳመጥ፣ ያልገባን ነገር መጠየቅ፣ ከዚያም ጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ መቆም ለማንም የማይከብድ ሥርዓት ነው።

ከዚህ በላይ የተባለው ሁሉ ባልና ሚስቱ የዕረፍት ቀኖቻቸውን በኀዘን ይጨርሱ ለማለት አይደለም። አንድ ማለዳ ይበቃል። ከሰዓት በኋላ ወደ ባሕሩ ቢመለሱ ባሕሩ አይጠላቸውም። የሚለየው ነገር፣ በዚያ ምሽት ጀልባዎቹ ሲያልፉ ሁለቱ የሚነጋገሩት ነገር መኖሩ ነው። ባል የዘነጋውን ሚስት ታነሣለች፤ ሚስት ያላስተዋለችውን ባል ይጨምራል። ሁለት ሆኖ መጓዝ ከሚሰጠው ጥቅም ዋነኛው ይህ ይመስለናል፤ አንዱ ሊያልፈው የፈለገውን ሌላው እንዳያልፈው ያደርገዋልና።

ተማሪዎች ሆይ፤ ምናልባት ከእናንተ መካከል ዛንዚባርን ለማየት የሚታደሉት ጥቂቶች ይሆኑ ይሆናል። ነገር ግን በልብ ለማየት ባሕር መሻገር አያስፈልግም። ከትምህርት ቤታችሁ ጋር አንድ የቆየ ቤተ መንግሥት፣ ግንብ ወይም ድልድይ ለመጎብኘት ስትሄዱ፣ አስጎብኚው ያሠራውን ንጉሥ ወይም መኰንን ስም ይነግራችኋል። እናንተም ስሙን በማስታወሻችሁ ጻፉ። ከጻፋችሁ በኋላ ግን እጃችሁን አውጥታችሁ፣ «ድንጋዩን የፈለጡትና የተሸከሙት እነማን ነበሩ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ብታገኙ ታሪኩን ሙሉ ታደርጉታላችሁ፤ መልስ ባታገኙም፣ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ሳይጠየቅ አልቀረም።